አልማዝ ባለጭራና በቀን አምስቴ የሚዋጠው ክኒን

አክስቴ ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። «ጎኔን እሳት እንደነካው ይለበልበኛል። ልብስ ሲነካኝ እንኳ አልችልም» አለች። ሽፍታ ወጥቶ እንደሆነ ስጠይቃት ዝም አለች። ቆይታ «ወጥቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው ያየሁት» አለችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። መድኃኒት ቤት ስለምሰራ ቀን መቁጠር ልማዴ ነው። ሶስት ቀን አልፏል።

በማግስቱ በጠዋት ቤቷ ሄጄ አየሁት። ከአከርካሪዋ አጠገብ ተነስቶ፣ በቀኝ ጡቷ ስር ዞሮ፣ ደረቷ መሃል ላይ የቆመ ቀይ መስመር ነው። መስመሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች በዘለላ በዘለላ ተሰብስበዋል። ጎረቤቷ ቅጠል ወቅጣ ለጥፋበታለች። «ነፍሳት ሄዶብሽ ነው፤ ጭራውና ራሱ ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል» ብላታለች። አክስቴ ሌሊቱን በመስታወት ጫፉን ስትለካ ነው ያደረችው።

አልማዝ ባለጭራ ነው። ሐኪሞች ኸርፒስ ዞስተር ይሉታል። ይህን ስላት ፊቷ ልውጥ አለ። እሷ የምታውቀው ኸርፒስ የአባላዘር በሽታውን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰራ ከመናገሬ በፊት ይህን ስም ላጥራው።

ኸርፒስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የቤተሰብ ስም ነው። ሰውን የሚይዙት የዚህ ቫይረስ ቤተሰብ አባላት ስምንት ናቸው፤ አንዱን ለሁለት ከፍለው ዘጠኝ የሚሉም አሉ። ከነሱ ውስጥ ሶስቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንደኛው ከንፈር ላይ ቁስል ሲያወጣ «ምች መታኝ» የምንለው ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብልት ላይ ይወጣል። ሶስተኛው በልጅነት ጉድፍ ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ ስንት ዓመት ተደብቆ ይከርምና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሳል። አክስቴን የያዛት በልጅነቷ ከወንድሞቿ ጋር ያሳከካት የጉድፍ ቫይረስ ነው። ከማንም አልተጋባባትም። ነፍሳትም አልሄደባትም።

እነዚህ ቫይረሶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አንዴ ከገቡ አይወጡም። የመጀመሪያው ህመም ሲያልፍ በነርቭ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባሉ። ከአከርካሪ አጥንት ጎን ወይም ከራስ ቅል ስር ያለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ህዝብ 64 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ቢሊዮን ሰው፣ የከንፈሩን ቫይረስ ይዞ ይኖራል። አብዛኛው መያዙንም አያውቅም።

ዞስተር በግሪክኛ መቀነት ማለት ነው። ሽፍታው እንደ መቀነት የሚዞረውም በምክንያት ነው። ከአከርካሪያችን በቀኝም በግራም ነርቮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ጎን አንድ የመቀነት ስፋት ያህል ቆዳ ያዳርሳል። ቫይረሱ በተኛበት ነርቭ ወርዶ ያንኑ ቆዳ ያቃጥላል። የቀኙ ነርቭ መሃል ደረት ላይ ሲደርስ ያበቃል። የአክስቴም ሽፍታ እዚያ የቆመው ለዚህ ነው። ጭራና ራሱ እንዲገናኝ መንገድ የለውም። የመከላከል አቅሙ በጣም የደከመ ሰው ላይ ሽፍታው በመላ ሰውነቱ ሊበተን ይችላል፤ ያ ሆስፒታል የሚያስተኛ ነገር ነው። ግን እሱም ቢሆን ከመገናኘት ጋር ግንኙነት የለውም።

ሦስቱ ማህተሞች

አሁን ወደ ክኒኑ። ስሙ አሳይክሎቪር ነው።

ባክቴሪያ የራሱ ቤት አለው። አሞክሳሲሊን ያን ቤት፣ ግድግዳውን፣ ያፈርስበታል። ቫይረስ ግን ቤት የለውም። የእኛ ሴል ውስጥ ገብቶ፣ በእኛው እቃ፣ በእኛው ጉልበት ራሱን ያባዛል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ለአልማዝ ባለጭራ ምንም አያደርግለትም። ቫይረሱን ልምታ ሲሉ ሴሉን መምታት ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችን ያስቸገረው ይህ ነው። እንግዳው ከባለቤቱ ጋር አንድ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል፤ እንግዳውን ብቻ እንዴት ትመታለህ?

እነዚህ ሶስት ኸርፒስ ቫይረሶች ግን ወደ ሴላችን ሲገቡ የራሳቸውን ኢንዛይም፣ ማለትም አንድ የተወሰነ ስራ የሚሰራ ፕሮቲን፣ እንዲሰራላቸው ያደርጋሉ። ታይሚዲን ካይኔዝ ይባላል። ለቫይረሱ የማባዣ ጥሬ እቃ የሚያዘጋጅለት ነው። አሳይክሎቪር የሚይዘው በዚህ በኩል ነው።

ክኒኑ ተውጦ ደም ውስጥ ሲገባ የተኛ መድኃኒት ነው። ለመንቃት ሶስት ፎስፌት የሚባሉ ነገሮች በተራ ሊለጠፉበት ይገባል። ይህን እንደ ደብዳቤ አስቡት። ደብዳቤው እንዲሰራ ሶስት ጠረጴዛ ዞሮ ሶስት ማህተም ማግኘት አለበት። የመጀመሪያው ማህተም ከሌለበት ሁለተኛው ጠረጴዛ ዞር ብሎም አያየውም። ሁለተኛውና ሶስተኛው ጠረጴዛ የእኛው ሴል ኢንዛይሞች ናቸው፤ በየትኛውም ሴል ውስጥ አሉ። የመጀመሪያውን ማህተም የሚመታው ግን የቫይረሱ ኢንዛይም ነው። ቫይረሱ በሌለበት ሴል ውስጥ ያ ጠረጴዛ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል።

ጤነኛ ሴል ውስጥ የገባው አሳይክሎቪር ማህተም ሳያገኝ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ በኩላሊት ወጥቶ በሽንት ይሄዳል። ቫይረሱ የገባበት ሴል ውስጥ ግን ቫይረሱ በገዛ እጁ የመጀመሪያውን ማህተም ይመታለታል። ከዚያ ሴሉ ሁለተኛውንና ሶስተኛውን ይጨምርለትና መድኃኒቱ ይነቃል። የነቃው መድኃኒት ቫይረስ ባለበት ሴል ውስጥ ከጤነኛው ሴል ከ40 እስከ 100 እጥፍ በልጦ ይገኛል። ፋርማሲ ስማር ይህን የሰማሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከተማርኩት ሁሉ እንደዚህ ያስደነቀኝ የለም። መርዙን የሚያነቃው ራሱ የሚሞትበት ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቫይረሱ ለመባዛት ዲኤንኤውን፣ ማለትም የአሰራሩን መመሪያ፣ መገልበጥ፣ መቅዳት አለበት። ዲኤንኤ በአራት ዓይነት ዶቃ የተሰካ ረጅም ክር ነው እንበል። የነቃው አሳይክሎቪር ከአራቱ አንዱን፣ ጓኒን የሚባለውን ይመስላል። በጣም ስለሚመስል ሰኪው፣ ማለትም የቫይረሱ ገልባጭ ኢንዛይም፣ አንስቶ ይሰካዋል። እውነተኛ ዶቃ ክሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። አሳይክሎቪር መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። እሱ ከተሰካ በኋላ ሌላ ዶቃ አይከተልም። ክሩ እዚያው ይቋረጣል። ሰኪው ኢንዛይምም እዚያው ዶቃ ላይ ተጣብቆ ስራ ይፈታል። ግማሽ የቀረ ዲኤንኤ ደግሞ አዲስ ቫይረስ አይወጣውም።

ይህን ያገኙት በሮውዝ ዌልካም የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የሚሰሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ሃዋርድ ሼፈርና ገርትሩድ ኤልየን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1970ዎቹ ሰሩት፤ አሰራሩን የሚያሳየው ጽሑፍ በ1977 ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ቅባቱ በ1982፣ የሚዋጠው በ1985 ተፈቀደ። ኤልየን አያቷ በካንሰር ሲሞት የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ኬሚስትሪ ያጠናችው ለዚያ ነው። ኮሌጅ ስትጨርስ ቤተ ሙከራዎች ሴት አንቀጥርም ብለው መልሰዋታል። ስራ ላይ እያለች የጀመረችውን የዶክትሬት ትምህርት አቋረጠችው፤ በ1988 ግን ኖቤል ተሸለመች። ከዚያው ኩባንያ በ1987 የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ኤዜድቲ፣ ወጣ። እሱም ያው መውጫ የሌለው ዶቃ ነው። ዛሬ በአገራችን የኤችአይቪ ክኒን ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሰሩት። ዶቃው የሚሰካበት ክር ይለያያል እንጂ ዘዴው አንድ ነው።

ታዲያ ለምን ይቸኮላል?

መድኃኒቱ የሚሰራው ቫይረሱ እየተባዛ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ሰኪው ስራ ላይ ካልሆነ የተበላሸ ዶቃ ማቀበል ዋጋ የለውም። አልማዝ ባለጭራ ላይ መባዛቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ክኒኑ እንዲጀመር ይመከራል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። ሰውነትም በራሱ እያጠፋው ነው። ቶሎ ሲጀመር አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ቶሎ ይቆማል፤ ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል፤ ህመሙም ይቀላል።

72 ሰዓት አለፈ ማለት ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። አዲስ ሽፍታ ገና እየወጣ ከሆነ ቫይረሱ ገና እየተባዛ ነው። ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ከሆነ፣ ሐኪም ዘግይቶም ያዛል። አክስቴ በአራተኛ ቀኗ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ከጀርባዋ በኩል አዳዲስ ፍንጥቆች ነበሩ። ሐኪሙ እነሱን አይቶ ነው መድኃኒቱን የጻፈላት።

ማዘዣው 800 ሚሊግራም፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ይላል። ያገኘነው ባለ 400 ነበር። ሰባ ክኒን። አክስቴ ከረጢቱን ከፍታ አየችና «ይሄን ሁሉ? ልጄ፣ በሽታው ነው ወይስ ክኒኑ የሚገድለኝ?» አለች። ሶስቴ እየዋጠች የቀረውን ለሌላ ጊዜ ልታስቀምጠው አስባ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። በየቀኑ አየዋለሁ።

አምስቴ የሆነው ሐኪም ስለጨከነ አይደለም። አሳይክሎቪር ከአንጀት ወደ ደም መግባት ይቸግረዋል። ከተዋጠው ውስጥ የሚገባው ከ15 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። የገባውም አይቆይም፤ በየሶስት ሰዓቱ ገደማ ግማሹ በኩላሊት ይወጣል። የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ደግሞ ከከንፈሩ ቫይረስ ይልቅ ለመድኃኒቱ ቶሎ አይንበረከክም፤ ስለዚህ መጠኑ ይጨምራል። አንድ ሰዓት ቢዘለል ደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። ቫይረሱ በዚያች ክፍተት ይገለብጣል።

ግድግዳዋ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አወረድኩና ከእያንዳንዱ ቀን ስር አምስት ሳጥን ሰራሁላት። ከጠዋቱ 12፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 12፣ ከምሽቱ 4። በየአራት ሰዓቱ፤ ሌሊቱን መተኛት ትችላለች። በዋጠች ቁጥር አንድ ሳጥን ታጠቁራለች። ከየክኒኑ ጋር አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ይህ ውሃ ጌጥ አይደለም። መድኃኒቱ በኩላሊት ስለሚወጣ ውሃ ሲያንስ እንደ ጨው ፍሬ እየረጋ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ኩላሊቱ ቀድሞ የታመመ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ለሱ መጠኑ ይቀነሳል። ሳይቀነስ ከቀረ መድኃኒቱ ተጠራቅሞ ሰውየውን ሊያደነዝዝ፣ ሊያቃዠው ይችላል። አለዚያ ክኒኑ የሚታገሱት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴ ተቅማጥ፤ ይኸው ነው።

ቫላሳይክሎቪር የሚባል ወንድም አለው። ያው አሳይክሎቪር ነው፤ ከአንጀት በቀላሉ እንዲያልፍ ማሳለፊያ ተቀጥሎለታል። ከአሳይክሎቪር ከሶስት እስከ አምስት እጥፍ ይገባል። ስለዚህ በቀን ሶስቴ ይበቃል። ከተገኘና አቅም ከፈቀደ ለትልልቅ ሰዎች እሱ ይቀላል። ካልተገኘ ግን አሮጌው ክኒን በሰዓቱ ከተዋጠ ስራውን ይሰራል።

ቅባቱን የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። ለአልማዝ ባለጭራ የአሳይክሎቪር ቅባት አይረባም። ቫይረሱ ያለው ነርቩ ውስጥ ነው፤ ከላይ የተቀባው እዚያ አይደርስም። ከሁሉ የማዝነው ደግሞ ቤታሜታሶን ለቆዳ ሁሉ መድኃኒት ተብሎ ገዝተው ሲቀቡት ነው። ስቴሮይድ ነው። በአካባቢው ያለውን የሰውነት መከላከያ ያስተኛል። ለቫይረሱ በር መክፈት ነው።

የተኛውን ለምን አይገድለውም?

ይህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። በተለይ የብልት ኸርፒስ የያዛቸው። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጨርሶ የሚያድን የለውም?» ይላሉ።

መልሱ ያው ከዶቃው ነው የሚመጣው። ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የተኛ ቫይረስ አይገለብጥም። የመጀመሪያውን ማህተም የሚመታው ኢንዛይምም በዚያ ሰዓት አይሰራም። ስለዚህ መድኃኒቱ አይነቃም። በአጠገቡ ያልፋል፤ አይነካውም። ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት ዛሬ የለም። ይህን ስናገር ፊታቸው ላይ የሚወርደውን ሀዘን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ቀጥዬ ያለውን እነግራቸዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ለሰባት እስከ አስር ቀን የሚዋጥ አለ፤ ቁስሉን ያሳጥራል። ቶሎ ቶሎ ለሚመለስባቸው ሐኪም በየቀኑ የሚዋጥ ሊያዝላቸው ይችላል፤ ቫይረሱ በነቃ ቁጥር መድኃኒቱ ቀድሞ ይጠብቀዋል። በ2004 በታተመ ትልቅ ጥናት ከጥንዶች አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ተሳትፈው ነበር። ቫይረሱ ያለበት በቀን አንድ 500 ሚሊግራም ቫላሳይክሎቪር ሲውጥ ወደ ፍቅር ጓደኛው የመተላለፉ ነገር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ኮንዶም ሲጨመርበት ይበልጥ ይቀንሳል። ትዳርም፣ ልጅም አይከለከልም። እርጉዝ የሆነች ግን ለሐኪሟ መናገሯን አትተው፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ወደ መውለጃዋ ከሆነ። በምጥ ጊዜ ለህጻኑ ሊተላለፍ ይችላል፤ መከላከያ መንገዱም አለ።

መድኃኒቱን ይለምደዋል ወይ የሚሉም አሉ። ማህተም የሚመታውን ኢንዛይም ያጣ ቫይረስ ከአሳይክሎቪር ያመልጣል። ግን ኢንዛይሙን ሲያጣ ብዙ ጊዜ ራሱም ይደክማል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም አይገፋም። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ላይ መልመድ ብርቅ ነው። የመከላከል አቅማቸው በጣም የተጎዳ ሰዎች ላይ ግን ይታያል፤ ለነሱ ማህተም የማያስፈልገው፣ ፎስካርኔት የሚባል በደም ስር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ። ለጉንፋን ወይም ለኮቪድ አሳይክሎቪር ግዙ ያላችሁ ካለ አትስሙት። እነዚያ ቫይረሶች ያ የመጀመሪያው ጠረጴዛ የላቸውም።

ስለ ምች ደግሞ እናቶቻችን የያዙት አንድ እውነት አለ። «ፀሐይ ላይ ስትዞሪ ምች መታሽ» ይሉ ነበር። የከንፈሩን ቫይረስ ከእንቅልፉ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ በእርግጥም የፀሐይ ጨረር ነው። ትኩሳትና ድካምም እንዲሁ። ፀሐይዋ በሽታውን አላመጣችውም፤ የተኛውን ቀሰቀሰችው። ያዩትን በትክክል አይተዋል። ዳማከሴ የሚያሸቱና ከቡና ጋር የሚጠጡም አሉ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። የከንፈር ምች ከሰባት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል። ቅባቱም ሆነ ክኒኑ የሚያሳጥረው በጥቂቱ ነው፤ እሱም ከንፈር ገና መንዘር ሲጀምር ከተያዘ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ከንፈራችሁ ላይ ምች ካለ አራስ ጥየቃ ሂዱ እንጂ ህጻኑን አትሳሙ። የአንድ ሳምንት ልጅ ይህን ቫይረስ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ጉበቱንና አንጎሉን ሊያጠቃው ይችላል። «ቅር ይላቸዋል» ብላችሁ አትሳቀቁ። እናትየውም «ዛሬ አይሳምም» የማለት መብት አላት።

ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ሰዓት መቁጠር እንኳ አያስፈልግም፤ መሮጥ ነው። የመጀመሪያው ዓይን ነው። አልማዝ ባለጭራ ግንባር ላይ ወጥቶ አፍንጫ ጫፍ ላይ ሽፍታ ከታየ ዓይንን የሚያዳርሰው ነርቭ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይየው። በራስ ፈቃድ የስቴሮይድ ጠብታ ማድረግ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛው አንጎል ነው። የከንፈሩ ቫይረስ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ይገባል። ሰውየው ያተኩሰዋል፣ ይቀባዥራል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ ቤተሰቡን አይለይም፣ ይንቀጠቀጣል። ቤተሰብ «መንፈስ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ጸበሉን አልከለክልም። ሆስፒታሉ ግን ይቅደም። ያለ መድኃኒት ከ10 ሰው 7ቱ ገደማ ይሞታል። አሳይክሎቪር በደም ስር፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ ለሁለት እስከ ሶስት ሳምንት ከተሰጠ የሚሞተው ወደ ሁለት ወይም ሶስት ይወርዳል። ሐኪሞች ምርመራው እስኪደርስ ሳይጠብቁ የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ልጆቿ ሳያውቁ ያ ሁሉ ቀን ያለፈው ህመሙን ስለናቀችው አልነበረም። ፈርታ ነው። በ1980ዎቹ በእኛ አቆጣጠር፣ ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲጨርስ፣ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው «በሽታው አለበት» ይባል ነበር። ደረቱ ላይ ጠባሳው የታየበት ሁሉ ይጠቆምበት ነበር። ያ ወሬ ከባዶ አልመጣም። ኤችአይቪ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም የተኛው ቫይረስ ቶሎ ይነሳል። ስለዚህ ሐኪም በተለይ ወጣት ላይ ሲያየው ምርመራ ቢያዝ ትክክል ነው፤ መመርመርም ጥሩ ነው። ግን ጉድፍ የያዘው ሰው ሁሉ ይህ ሊወጣበት ይችላል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ እድሜ ብቻውን ይበቃል። አክስቴ 63 ዓመቷ ነው። እፍረቷ የበላባት ቀን ነው የሚያንገበግበኝ።

ከሽፍታው ፈሳሽ ጉድፍ ያልያዘው ሰው ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ እስኪደርቅ በንጹህ ጨርቅ ሸፈነችው፤ እርጉዝ የሆነችው የልጇ ሚስት ለሳምንት ያህል ወደ ቤት አልመጣችም። በውጭ ያላችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁን አስቡ። በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ሺንግሪክስ የሚባል ክትባት አለ። ሁለት ጊዜ ይወጋል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ከ90 በመቶ በላይ ተከላክሏል። እናትና አባት ለጥየቃ መጥተው ከሆነ ሐኪም ጠይቁላቸው።

ሳጥኖቹ ሁሉ ጠቁረው ሲያልቁ ሽፍታው ቅርፊት ሆኖ ደርቋል። ህመሙ ግን አልሄደም። «ከገደለው ለምን አሁንም ያቃጥለኛል?» አለችኝ። ክኒኑ ግልበጣውን አስቆመ፤ የቆሰለውን ነርቭ ግን አይጠግንም። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ እድሜ ሲጨምር ደግሞ ይብስ ይዘገያል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከሶስት ወር በላይ ይቆያል። ለዚህ ፓራሲታሞል ብዙም አይረዳም። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ፣ ጻፈላት። ጋባፔንቲንም የሚሰጣቸው አሉ። ሁለት ወር ተኩል ወሰደባት። አሁን ሹራብ ትለብሳለች።

ባለፈው ወር ያችው ቅጠል የለጠፈችላት ጎረቤቷ ወገቤን ይለበልበኛል፣ ሽፍታ ነገር አየሁ ብላ መጣች። አክስቴ ቡናውን ከምድጃው አወረደችና ከሌላው ሁሉ በፊት «ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አለቻት።